ዘጠነኛው ሊትር

«ቱርቦውን የገደለው ወንድምሽ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ቶን ይንዳው።»

ሳንጓን ይህን የሰማው ከእህቱ የበረዶ ማምረቻ ቤት ግድግዳ ጀርባ እጁን ሲታጠብ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ የመጀመሪያውን ዙር በረዶ አድርሶ መመለሱ ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ ወሬ አይደብቅም። ተናጋሪው የእህቱ ባል ዊሮት ነው። ቶን የዊሮት የወንድሙ ልጅ ነው፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ የያዘው ሥራ ሁሉ ከሦስት ወር የማያልፍለት። ሳንጓን ቧንቧውን ዘግቶ የእህቱን መልስ ጠበቀ። ፕራኖም አልመለሰችም። የበረዶ መፍጫው ተነሥቶ ጮኸ፣ ከዚያም ቆመ፤ እሷም ዝም እንዳለች ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት ለነዳላት ወንድሟ «ቆይ እስቲ» ማለት ይበቃ ነበር። አላለችም። ዝምታ ፍርድ አይደለም የሚሉ ሰዎች በዘመድ ቤት ተቀጥረው አያውቁም።

ሳንጓን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤተሰቡ ግን እስካሁን «ትንሹ» ይለዋል። በኮራት ከተማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ኑድል የሚሸጡትም ሁሉ የሚያውቁት «የበረዶው ትንሹ» ብለው ነው። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነሥቶ በረዶ የሞሉ ጆንያዎችን ፒክአፑ ላይ ይደረድራል፤ ለኑድል ቤቶቹ፣ ለዓሣ ገበያው፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ያደርሳል። አንዱ ጆንያ አርባ አምስት ባት ነው። ትምህርት ቤቶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛውን በግንቦት ወር አዲሱ የበረዶ ፋብሪካ በአምስት ባት ቅናሽ ወሰደው። የሚኖረው ከማሽኑ ክፍል ቀጥሎ ባለች ክፍል ነው፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ማራገቢያ፣ ሌት ተቀን የሚንቀጠቀጥ ግድግዳ። አገር ምድሩ በሙቀት ሲነድ እሱ ጉልበቱን ብርድ ይቆረጥመዋል። ኪራይ አይከፍልም፤ ስለዚህ ደመወዙ ከማንም ሹፌር ቢያንስም አፉን መክፈት አይችልም። በእኛ ከተማ ለዘመድ ከመሥራት የባሰ ነገር የለም፦ ደመወዝ ሲጠይቅ ዘመድ ነው፣ ዕቃ ሲበላሽ ሠራተኛ ነው።

ተበላሸ የተባለው ዕቃ ይህ ፒክአፕ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ቀንሷል። ረቡዕ ዕለት ዊሮት ራሱ ነድቶ ቀለበት መንገዱ ላይ ወዳለ ትልቅ ጋራዥ ወሰደው፤ እንግዳ መቀበያው ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት፣ ግድግዳው በመስታወት ውስጥ በተሰቀለ የምስክር ወረቀት የተሞላ ጋራዥ ነው። ንጹሕ ጓንት ያጠለቀ መካኒክ ከቱርቦው፣ ለሞተሩ አየር አምቆ ከሚነፋው ክፍል፣ የሚወጣውን የጎማ ቱቦ ፈታ፤ ጥቁር ዘይት ተንጠባጠበ፤ በስልኩ ፎቶ አነሣው። ምርመራው ይኸው ነበር። ቱርቦው ሞቷል፣ አዲሱ ሠላሳ አራት ሺህ ባት ነው አለ። በላዩ ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር በነፃ መረቀለት፦ «ሹፌራችሁ ሞተሩን ሳያበርድ በትኩሱ ያጠፋዋል።» ሹፌሩን አይቶት አያውቅም። ይህ ዓረፍተ ነገር በየጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ለማንም ይስማማል፣ ባለመኪናውም ሲሰማው ደስ ይለዋል፤ ብረት ከመመርመር ሰው መውቀስ ይቀላላ። እውነቱን ለማወቅ ግን አንድ ኑድል ሻጭ መጠየቅ በቂ ነበር። ሳንጓን በየደንበኛው በር ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ከአንድ እስከ ስልሳ ይቆጥራል። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጥሯል። «ትንሹ ጸሎቱን ጀመረ» እያሉ ይስቁበታል።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ውስጥ ገባ። ፕራኖም አካፋ ይዛ ጆንያ ትሞላለች። ዊሮት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ ሊጥ በአኩሪ አተር ወተት እያጠቀሰ ይበላል። ሳንጓን የሰማውን እንደ ሰማ አልተናገረም።

«እትዬ፣ መኪናውን ዛሬ ለአጎት ፓዮም ላሳየው።»

«ያ ሽማግሌ አልሞተም እንዴ?» አለ ዊሮት። «የባቡር መካኒክ ስለ ቱርቦ ምን ያውቃል?»

«ባቡርም ቱርቦ አለው፣ ጋሼ።»

«አለው። ደግነቱ አንተ አትነዳውም።»

ፕራኖም ቀና አላለችም። «መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን በረዶ አድርስ» አለች፤ «ከዚያ እንደፈለግክ።» ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ብሎ ጥቂት ቆመ። እህቱ አፉ ድረስ የሞላውን ጆንያ እንደገና ትሞላ ነበር፤ በረዶው ከላዩ እየተንከባለለ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ እሷም አታየውም።

ፓዮም ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት የባቡር ሞተር ጠግኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤቱ ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ነው። ጋራዡ ማለት አንድ የማንጎ ዛፍ፣ በውሃ ልክ የተለሰነ አንድ የሲሚንቶ ወለል፣ ከዛፉ ጋር የታሰረ አንድ የመኝታ መረብ ነው። የምስክር ወረቀት የለውም፤ ቢኖረውም የሚሰቅልበት ግድግዳ የለም። ሳንጓን ሲደርስ ቀትር አልፏል። ሽማግሌው መኪናውን ወደ ሲሚንቶው አስገባውና ስለ ሎሚ ዋጋ ማውራት ጀመረ፤ አንዱ ሎሚ ሰባት ባት ገብቷል፣ ሰው በሎሚ ፈንታ ኮምጣጤ ወደ መብላት ወርዷል። ከዚያ ስለ ጉልበቱ አወራ። ሳንጓን ይቁነጠነጥ ጀመር።

«አጎቴ፣ ሞተሩን አይከፍቱትም?»

«ይቀዝቅዝ። ዘይቱም ወደ ታች ይውረድ። ይልቅ ንገረኝ፣ መቼ ነው የሚያጨሰው?»

«ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ።»

«ጠዋት ስታስነሣውስ?»

«ጠዋት ምንም አይልም።»

ሽማግሌው «ምንም አይልም» ብሎ ደገመው፤ ስለ ጉልበቱ የሚያወራውንም ተወ። ካቻቢቴ አንሥቶ ያ ጓንት የለበሰ መካኒክ የፈታውን ቱቦ ፈታ። ዘይት ተንጠባጠበ። «ይህን ነው ያሳዩዋችሁ?» አለ፤ ሳንጓን ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። ይህ ዘይቱ የተገኘበት ነው። ሬሳ ወንዝ ዳር ስላገኘህ ገዳዩ ወንዙ ነው አትልም።» ጓንት የለበሰው ያቆመበት ላይ እሱ ጀመረ። ወደ ኋላ ሄደ፤ ከአየር ማጣሪያው ወጥቶ ወደ ቱርቦው የሚገባውን ቱቦ ፈታ፤ ማለትም አየሩ ገና ቱርቦው ጋ ሳይደርስ የሚያልፍበትን። ነጭ ጨርቅ በጣቱ ጠቅልሎ ውስጡን ጠረገ፤ ጨርቁ ጠቁሮ ወጣ። ከማጣሪያው በኩል ጠረገ፤ ንጹሕ አቧራ ብቻ ወጣ። በሁለቱ መካከል ከሞተሩ አናት የምትመጣ አንዲት ቀጭን ቱቦ ትገናኛለች፤ ሞተሩ የውስጥ አየሩን የሚተነፍስባት ናት። እሷን ነቅሎ ወደ ታች ሲዘቀዝቃት ዘይቱ እንደ ማር ወረደ። «አየህ» አለ ሽማግሌው፣ «ዘይቱ ቱርቦው ቤት የገባው በእንግድነት ነው። ያመጣችው ይህቺ ናት።»

በዚህም አልረካም። ጣቱን ወደ ቱርቦው አፍ ሰዶ ውስጡ የምትሽከረከረውን መዘውር እንብርት ያዘና ወደ ጎን ነቀነቃት፤ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ተነቃነቀች። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ሳብ አደረጋት፤ ንቅንቅ አላለችም። አሽከረከራት፤ ከቤቷ ግድግዳ ሳትነካካ ብዙ ዞራ ቆመች። ከቱርቦው ዘይት የሚመለስባትንም ቧንቧ አየ፤ አልተደፈነችም። «ቱርቦው አልሞተም» አለ። ሳንጓንንም ጣቱን እንዲያስገባ አደረገው፤ «በኋላ ሲጠይቁህ ሽማግሌው አለ አትበል፣ እኔ ነካሁ በል።» ከዚያ ቱቦዎቹን መልሶ ሞተሩን አስነሣ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ሳያጠብቅ ባፉ ላይ አስቀመጠው። ሞተሩ አርጅቶ ቢሆን ክዳኑ እንደ ድስት ክዳን ይጨፍር ነበር። ክዳኑ ዝም ብሎ ተቀመጠ። «ሞተሩም ደኅና ነው። እንግዲህ ጤነኛ ሞተር ለምን ዘይት ያስታውካል?» ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቆ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ሙሉ አልፏል።

«ይኼን አላየህም?»

«አያለሁ፤ በየቀኑ። ግን በእኛ ግቢ ሁልጊዜ ምልክቱን አልፎ ነው የሚታየው።»

«ግቢያችሁ ወደ መንገዱ አዘቅዝቋላ። ሃያ ሁለት ዓመት በተዳፋት ላይ ለካህ ማለት ነው?»

ሳንጓን ዘንጉን ተቀብሎ እንደገና አየው። እውነት ነው፤ የጎበጠ መለኪያ ለምዶ ነበር። ልማድ ከሆነ ማንም ሰው ሁለተኛ አያየውም፤ በዚህ ላይ ከመጨረሻው የዘይት ለውጥ ወዲህ ከፍ ብሎ ሲያየው አዲስ ዘይት ስለሆነ ነው ብሎ አልፎታል።

ሽማግሌው ሥር ገብቶ ዘይቱን በምልክት ባለው ባልዲ አወረደው። ስድስት ደረሰ፣ ሰባት ደረሰ፣ አላቆመም። ስምንት ተኩል ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። አየሩን ከሚያቀዘቅዘው ከፊተኛው ሣጥን ሌላ አንድ ብርጭቆ ወጣ። «ጭስ ሆኖ የሄደውን ጨምርበት፤ ዘጠኝ ነው። ይህ ሞተር የሚጠጣው ሰባት ነው። ስንት ሞላህ?»

«ሰባት። ስድስት ሲገዙ አንድ በነፃ የሚሰጡትን ነው የገዛሁት፤ ሌላ ጠብታ አልነበረኝም።»

«ዘይት የሚቀይረው ከአንተ ሌላ ማነው?»

«ማንም።»

«ሰባት መሙላትህንስ ከአንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

ሳንጓን ቱርቦው በመዳኑ ሊደሰት ሲል ደስታው እዚያው ቀረ። ቱርቦው ነፃ ወጥቷል፤ እሱ ግን አልወጣም። እንዲያውም ባሰበት፤ ቱርቦ በብዙ ምክንያት ይሞታል፣ ዘይት ግን ያለ ሰው እጅ አይጨመርም፣ ያ እጅ ደግሞ የሹፌሩ ነው። ዊሮት ምን እንደሚል ቃል በቃል ያውቀዋል። ቁጥሩን በአፉ ውስጥ አላመጠው፤ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። በእኛ አፍ ዘጠኝ «ካው» ነው፤ ወደፊት መራመድም «ካው» ነው። ስለዚህ ቤት ሲመረቅ ዘጠኝ መነኮሳት ይጠራሉ፣ ዘጠኝ የበዛበት የስልክ ቁጥር በውድ ይገዛል፣ የተማረውም ያልተማረውም ያደርገዋል፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። መሪው ላይ የታሰረውን የቡራኬ ነጭ ክር አየ። መነኩሴው በረዶ ቤቱንና መኪናውን የባረኩት ዘይት በቀየረበት ቀን ነበር፤ አንዱ ትምህርት ቤት ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ፕራኖም ነበረች የጠራቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሞ በግቢው ጥግ፣ ለግቢው ጠባቂ መንፈስ በተሠራው ትንሽ ቤት ሥር፣ ሁለት ባለ አንድ ሊትር የዘይት ጠርሙሶች ባናታቸው ተቆርጠው ቢጫ አበባ ተደርጎባቸዋል። በየጠዋቱ በአጠገባቸው አልፏል። ስማቸው እሱ ከሚገዛው ዘይት የተለየ መሆኑ አሁን ነው የታየው።

«እህቴ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ወደፊት እንዲራመድ ብላ።»

ሽማግሌው ባልዲውን አየ። «መራመዱንስ ተራምዷል» አለ። «ዘይቱ።» ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቃቸው ሲመለሱ ሽማግሌው ፊቱን አጠቆረ። «ግን ስማኝ ትንሹ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። እንደዚህ ያለ ሞተር አንድ ቀን የራሱን ዘይት መጠጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቁልፉን ብትዘጋም አይጠፋም፣ እስኪፈነዳ ይሮጣል። የዓሣ ገበያው መሀል ቢሆን ማን ነበር ታሳሪው? እሷ ናት?»

ቱቦዎቹን በቤንዚን አጠቡ፣ ሰባት ሊትሩን ለክተው መለሱ። ሽማግሌው ሁለት መቶ ባት ብቻ ወሰደ። የተረፈውን ዘይት ሊደፋው ሲል ሳንጓን ከለከለው፤ በሁለት ባዶ የመጠጥ ውሃ ፕላስቲኮች ቀዳው፣ አንደኛው ሞላ፣ ሁለተኛው እስከ ግማሽ ደረሰ። ሲመለስ የባቡሩን ድልድይ በሙሉ ጉልበት ወጣው፤ በመስታወት ወደ ኋላ ሲያይ መንገዱና ሰማዩ ብቻ ነበሩ፣ ጭስ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሹፌር ያፏጫል። እሱ ግን ድካም ብቻ ተሰማው። ሰው የሠራውን ጥፋት ለማስተሰረይ ቢደክም አንድ ነገር ነው፤ ያልሠራውን ላለመሸከም አንድ ሙሉ ቀን መድከም ግን አጥንት ይሰብራል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እራት ቀረበ። በማሽኑ ክፍልና በመንገዱ መካከል ያለችው የብረት ጠረጴዛ ናት የምግብ ክፍላቸው፤ በጨው የተጠበሰ ዓሣ፣ የፓፓያ ሰላጣ፣ በቅርጫት ተጣባቂ ሩዝ። ዊሮት መብላት ጀምሯል። ሳንጓን ሁለቱን ፕላስቲኮች ከሚጥሚጣው ብልቃጥ አጠገብ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ሶስ ጀመርክ?» አለ ዊሮት።

«ከሞተሩ የወጣ ትርፍ ዘይት ነው። ቱርቦው ደኅና ነው፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። ጭሱ የመጣው ሞተሩ በዘይት ስለተጨናነቀ ነው። ሰባት የሚይዘው ላይ ዘጠኝ ነበረበት። አሁን አያጨስም።»

ዊሮት ማኘኩን ሳያቆም አሰበ። ሠላሳ አራት ሺህ ባት መትረፉ ገብቶታል፤ ግን በዚያ ደስ ለመሰኘት ጊዜ አላገኘም፣ ሌላ ነገር ቀደመው። «እንግዲያው ጥሩ ነው» አለ። «ቱርቦውን አልገደልክም። ሞተሩን ልትገድል ነበር። ዘይት መለካት የማይችል ሹፌር ሃያ ሁለት ዓመት ቀለብን ማለት ነው።»

«መለኪያውን በተዳፋት ላይ ማየቴ የእኔ ጥፋት ነው» አለ ሳንጓን። «የሞላሁት ግን ሰባት ነው።»

«ታዲያ ሁለቱን ማን ሞላው? የግቢው መንፈስ?»

ሳንጓን ወደ እህቱ አላየም። ማየት ይችል ነበር፤ ማየቱ ግን ጣት መቀሰር ነው፣ በባሏ ፊት፣ በታላቅ እህት ላይ፣ በማዕድ። እንዲህ ያለው ጨዋነት ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው የሚከፈለው። ሩዙን በጣቱ እየጠቀለለ ጠበቀ። ማሽኑ ውስጥ የተሠራው በረዶ ተደርምሶ ወደ ማጠራቀሚያው ወረደ፤ ድምፁ እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ፕራኖም ፕላስቲኮቹን ታይ ነበር፤ ሙሉውን፣ ከዚያ ግማሹን። እጇን አንሥታ ግማሹን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁለቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። መነኩሴው የመጡ ቀን። ሰባት ሞልቶ ሲሄድ አየሁት፤ ዘጠኝ ይሁን ብዬ ጨመርኩበት። ትምህርት ቤቱ ከሄደ ወዲህ እኮ ወደ ኋላ ነው የምንሄደው።» ድምፅዋ ውስጥ ይቅርታ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ዘይት ሲበዛ የሚጎዳ መሆኑን በምን ላውቅ?»

ዊሮት መሳቅ ፈለገ፤ የሚስቅበት ግን የሚስቱ ወንድም ሳይሆን ሚስቱ ራሷ መሆኗ ሲገባው ሳቁን ዋጠው። ዓሣውን ገለበጠ። «የሆነው ሆኗል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ግን ለቶን እናት ነግሬያለሁ። ሰኞ ይመጣል ብያታለሁ።»

ፕራኖም እጇን ወደ ሩዙ ሰደደች። ከቅርጫቱ ሩዝ ዘግና የወንድሟ ሳህን ላይ አስቀመጠች፣ የዓሣውንም ሆድ ቆርሳ ጨመረችለት። «ብላ ትንሹ» አለች። «በጊዜ ተኛ። ነገ አስር ሰዓት የዓሣ ገበያው ሠላሳ ጆንያ አዟል።»

ያገኘው ይህንን ነበር። ሠላሳ ጆንያ፣ አስር ሰዓት ሌሊት፣ የሚቆረጥም ጉልበት። ይህም ባይገኝ ደግሞ ከዚያች ክፍል ወጥቶ የሚሄድበት አልነበረውም። በልቶ ሳህኑን አጠበ፣ ሁለቱን ፕላስቲኮች ወስዶ ከመንፈሱ ቤት ሥር ከአበቦቹ አጠገብ አቆማቸው፣ ወደ ክፍሉ ገብቶ ተጋደመ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እንደ ልማዱ ከአንድ ጀምሮ መቁጠር ጀመረ። አርባ ሲደርስ ከቆርቆሮው ባሻገር የዊሮት ድምፅ ተሰማው፤ ስለ ቶን፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ ተሰጠ ቃል። ቆጠራውን አቁሞ የእህቱን መልስ ጠበቀ። አልመለሰችም። ጠዋት የፈረደበት ያው ዝምታ ነበር፤ አሁን ለእሱ ቆሟል፣ ነገ ለማን እንደሚቆም ግን ማንም አያውቅም። ካቆመበት ቀጠለ፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት።